የሞተ ያስረክባል

«ጣልኩት! እቴቴ ነይ እይ፣ ጣልኩት!»

እቴቴ የታጠበ ልብስ ታቅፋ ሳሎኑ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም አይታለች። ታናሽ ወንድሟ ፍንጭቱ ሶፋው ላይ ይዘላል። የአክስታቸው ልጅ ጭንቅላቱን ያሻሸዋል። «ጥቁሩ ምሽግ» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ያመጣው እሱ ነው። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሞክሮት፣ የምሽጉን በር የሚጠብቀውን ባለ መዶሻ ግዙፍ ጥሎ ያለፈ አልነበረም። ፍንጭቱ አለፈ።

«በቃ፣ የቤቱ ንጉሥ ተቀየረ!» አለ የአክስቷ ልጅ ወደ እሷ እያየ። «ወይስ ትሞክሪያለሽ?»

«ፈተና አለብኝ።» ፈተናው ገና ነው።

ቀናች። ሌላ ስም የለውም፤ በገዛ ወንድሟ ነው የቀናችው። እስከ አምና ድረስ ከባድ ቦታ ሲደርስ «እቴቴ፣ እለፊልኝ» ይላት ነበር፤ ታልፍለታለች። በዚህ ቤት ሕጉ አንድ ነው፦ የሞተ ጆይስቲኩን ያስረክባል። እሷ ደግሞ አስረክባ አታውቅም ማለት ይቻላል።

«ዕድል ነው» አለች ልብሱን ሶፋው ላይ እየጣለች። «ዝም ብለህ ስትነካካ ነው ያለፍከው።»

ፍንጭቱ መዝለሉን አቆመ። እንዳሰበችው ግን አልተቆጣም።

«ሊሆን ይችላል። አንቺ ብትሆኚ በመጀመሪያው ታልፊው ነበር። ለእሱም ነግሬዋለሁ» አለ ወደ አክስታቸው ልጅ እየጠቆመ።

ልጁ ከምሩ ነው! የፈራችውም ይሄንኑ ነው፤ ግዙፉ በአንድ ምት ሲደፈጥጣት ካየ፣ ያቺ የምታልፍለት እቴቴ አበቃላት። ካልሞከረች ግን መቼም አትሞትም፤ እሱም በዕድል እንዳለፈ ይቀራል።

አንድ ካልሲ አነሳች። ጓደኛውን ፈልጋ አጣችው። «ኤጭ!» አለችና ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ከበሩ ጀምርልኝ።»

«የምርሽን ነው?»

«ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ በል! ግን... መዶሻውን ሲያነሳ ወዴት ነው የምሸሸው?»

ፍንጭቱ አፉን ከፍቶ አያት። እንዲህ ጠይቃው አታውቅማ።

«አትሸሺም» አለ ቀስ ብሎ። «ወደ እሱ ነው የምትገቢው፤ እግሩ ሥር።»

ገባች፤ ግን ዘገየች። መዶሻው ወረደ፣ ስክሪኑ ቀላ። የአክስታቸው ልጅ በሳቅ ፈረሰ። እስከ ጆሮዋ ጋለች። ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው፤ ጆይስቲኩን ለወንድሟ ዘረጋችለት።

ፍንጭቱ እጆቹን ወደ ኋላ ደበቀ።

«ትንሽ ቀደም ብለሽ ግቢ» አላት።

ቅናቱ አሁንም ሆዷ ውስጥ አለ፤ የትም አልሄደም። እቴቴ ግን ልብሱን ወደ ዳር ገፍታ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችለት።

«ና ተቀመጥ» አለችው፤ «መቼ እንደምገባ ንገረኝ።»