የተረፈው ሰዓት

ዐርብ ከሰዓት በኋላ መደርደሪያው ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ባለ አራት ደርብ፣ ጣሪያውን ለመንካት ጥቂት ብቻ የሚጎድለው፣ ከከባድ እንጨት የተሠራ መደርደሪያ ነው፤ ከላይ በሁለት የብረት ማያያዣ ከግድግዳው ጋር ታስሯል። ከታች የድሮ ራዲዮኖች፣ ከእነሱ በላይ ካሜራዎችና አንድ የልብስ ስፌት መኪና፣ በላይኞቹ ሁለት ደርቦች ላይ ሰዓቶች ተደርድረዋል። መሐል ላይ በወርቅማ ቅጠል ያጌጠው ትልቁ ሰዓት አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ቀለሙ የለቀቀ፣ አንድ ጥጉ የተሸረፈ ተራ የእንጨት ሰዓት። ባለቤቱ ይህን ሁሉ በስልኩ አነሣና «የአያት ሣጥን» በሚባለው የኢንተርኔት መሸጫ ገጹ ላይ ለጠፈው። ከሥሩም እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ነገ በቀጥታ ሥርጭት የእያንዳንዱን ዕቃ ሆድ ከፍቼ አሳያችኋለሁ። ውስጡን ሳታዩ አትግዙ።»

ከዚያ ጀርባውን ለመደርደሪያው ሰጥቶ ዝቅተኛ መቀመጫው ላይ ተቀመጠ።

ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ መደርደሪያው ወለሉ ላይ ተደፍቶ አገኘችው። ባሏ ከሥሩ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ መጣች። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ወንፊት» ይሏታል፤ ሌላው ዱቄቱን ይዞ ሲሄድ እሷ አሰሩ ላይ ስለምትቀር ነው። አለቃዋ ገና ከቤት ሳትወጣ ደውሎላት ነበር።

«ወይ አደጋ ነው፣ ወይ ታናሽ ወንድሙ ነው» አላት። «መደርደሪያውን ግድግዳው ላይ ያሰረው እሱ ነው። ትናንት ጠዋት ሲጣሉም ጎረቤት ሰምቷል። አደጋ ለመሆኑ ማስረጃ ካላመጣሽልኝ ዛሬውኑ ልጁን አስገባዋለሁ።»

«ያየሁትን እነግርዎታለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ዕቃው ግን እንደወደቀ ነው። መርማሪዋ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ደፉ ላይ ቆመች። ወለሉ የመስታወት ስብርባሪ ነው። የትልቁ ሰዓት ገጽ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ወርቅማው ቅጠል እንደ ተላጠ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። መደርደሪያው ሲዘም የላይኛው ጠርዙ ጣሪያውን ፍቆት፣ ልስኑ ተልጦ ረጅም ጠባሳ ቀርቷል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በነጭ የልስን ብናኝ ተሸፍኗል።

ግድግዳው ላይ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች ግን ንጹሕ ናቸው። ተጎትቶ የወጣ ብሎን ግድግዳውን ቦጭቆ ይወጣል፤ እነዚህ ተፈተው ነው የወጡት። ሁለቱም ብሎኖች ከአንዱ ራዲዮን ሥር ተገኙ፤ ጭንቅላታቸው ላይ ጭረት እንኳ የለም።

«አደጋ አይደለም» አለች ለራሷ።

ከዚያ በቀኝ ግድግዳ በኩል፣ መደርደሪያው ሲወድቅ ያልደረሰበት የማሸጊያ ጠረጴዛ ላይ ዓይኗ አረፈ። ተራው የእንጨት ሰዓት እዚያ ቆሟል። ፔንዱለሙ ወልቆ፣ በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልሎ አጠገቡ ተጋድሟል። የሰዓቱም አናት፣ ጨርቁም ነጭ ብናኝ ለብሰዋል። ሰዓቱን በጥንቃቄ አነሣችው። ከሥሩ ያለው የጠረጴዛው እንጨት ንጹሕ ነበር።

ረጅም ጊዜ ያንን ንጹሕ ቦታ ስታይ ቆየች።

ሚስትየው ወጥ ቤት ውስጥ የባሏን ስልክ በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች።

«ገበያው እንዴት ነበር እህቴ?» አለቻት መርማሪዋ።

«የቱ ገበያ? ድሮ ትዕዛዝ ሲመጣ ይሄ ስልክ ቤቱን ይበጠብጠው ነበር። ‹አንተ ሰውዬ አፉን ዝጋልኝ፣ ልተኛበት› እለው ነበር። ዝም ካለ ወዲህ ደግሞ ዝምታው እንቅልፍ ነሳን። ዋጋ ቀነሰ፣ አልሆነም። ፎቶውን አሳመረ፣ አልሆነም። ኋላ ገዢዎቹ የሚጽፉትን ቁጭ ብሎ አነበበ።»

«ምን ይላሉ?»

«‹ውጪው ሽማግሌ፣ ውስጡ ሕፃን።› ሣጥኑ የድሮ ነው፣ ማሽኑ ግን አዲስ ማስመሰያ ነው ይላሉ። እሱ ደግሞ ሞቶ እንኳ የማይዋሽ ሰው ነው። ‹ሁሉን በፊታቸው ከፍቼ ስሜን አጠራለሁ› ብሎ ተነሣ።»

«ይህን ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ፣ ወንድሙ፣ ጋሽ ሞረድ። የቤቱ ቁልፍ ያለንም እኛው ነን።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ወንድሙ ነው እንዳልል አብሮኝ የበላ ልጅ ነው። አይደለም እንዳልል ‹አዲስ ዕቃ አምጥተን እንሽጥ› እያለ ሲነዘንዘው የከረመው እሱ ነው።»

«ጋሽ ሞረድስ?»

«ውይ፣ እሳቸውማ ጠጋኛችን ናቸው። ገበያው ሲጠፋ እንኳን ማንም የማይፈልገውን ኮተት እየገዙ ያበረታቱን እሳቸው ናቸው። አምላክ ይስጣቸው።»

ታናሽ ወንድሙ ኮሪደሩ ላይ ካርቶን ተደግፎ ተቀምጧል። ከእጁ አንጓ ላይ የማሸጊያ ፕላስተር እንደ አምባር ተጠምጥሟል፤ ማውለቁን ረስቶታል።

«ወንድም ጋሼን ገደለ እየተባልኩ ነው አይደል?»

«‹ትቀብረናለህ› ብለህ ጮኸህበታል።»

«ብያለሁ። ምላሴ ይቆረጥ!» ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። «አዲሱን አዲስ ነው ብለን እንሽጥ፣ ማታለል የለበትም ነው ያልኩት። ‹የኮተት ሱቅ አታድርገኝ› አለኝ። ተናደድኩና አንዲት ዕቃ ልልክ ፖስታ ቤት ሄድኩ፤ ከዚያ ብቻዬን ስዞር ዋልኩ። ማን አየህ ካልሽኝ ማንም አላየኝም።»

«ተራው ሰዓት ታዝዞ ነበር?»

«የቱ? ያ ጥጉ የተሸረፈው?» በሐዘኑ መሐል ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። «ለእሱ እንኳን ገዢ፣ ሌባም አይመጣለት።»

«ታዲያ ጠረጴዛህ ላይ ምን ይሠራል?»

ልጁ አሰበ። «እኔ አላወረድኩትም። ልልከው ካወረድኩት ካርቶን ውስጥ ነው የማስገባው። ፔንዱለም ደግሞ በጨርቅ ጠቅልዬ አላውቅም፤ በአረፋ ላስቲክ ነው።»

ጋሽ ሞረድ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጥገና ቤታቸው በግራጫ ሽርጣቸው መጡ። ከኪሳቸው ሁልጊዜ አንዲት ቀጭን ሞረድ ስለማትጠፋ ነው ስሙ የወጣላቸው። በሩ ላይ ቆመው ስብርባሪውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አየሽ ልጄ፣ ዕቃ ጌታውን አያውቅም። ዕድሜ ልኩን ሰበሰበው፤ በመጨረሻ ተጫነው።»

«ትናንት መጥተው ነበር?»

«ከትናንት በስቲያ ነው የመጣሁት። ትናንት ከጥገና ቤቴ አልወጣሁም።»

«የሚጠግኑለት እርስዎ ብቻ ነዎት?»

«ጢሙ ሳይበቅል ጀምሮ። እሱ ይገዛል፣ እኔ አድሳለሁ፣ ወንድሙ ያሽጋል።»

«ይሄኛው ሰዓት ዋጋ አለው?» አለች ወደ ጠረጴዛው እየጠቆመች።

ሳያዩት መለሱ። «ማገዶ ነው።»

በዚህ መሐል ሚስትየው ገባች። ሽማግሌው ትከሻዋን አቀፉ። «አይዞሽ የኔ ልጅ። የቀረውን ሽጪና ራስሽን አውጪ። እኔ ትልቅ ነገር አልፈልግም፤ ለማስታወሻ ያቺን ማገዶ ብትሰጪኝ ይበቃኛል።»

«ይውሰዱት ጋሼ» አለች እንባዋ እየወረደ። «ምን ጠየቁኝና!»

እጃቸው ወደ ሰዓቱ ተዘረጋ።

«ዛሬ ከዚህ ክፍል ምንም አይወጣም» አለች መርማሪዋ። የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሽርጣቸው ኪስ ተመለሰ።

የቀጥታ ሥርጭቱ ሰዓት ሲቃረብ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩን ዘጋ። ሟቹ ለሥርጭቱ ያዘጋጀው መብራት ጥግ ላይ እንደቆመ ነው፤ ስልኩ ሚስትየው ጭን ላይ ደጋግሞ ይንጫጫል። ገዢዎቹ ናቸው፤ ምንም አልሰሙም። «ዛሬ ይከፈታል ወይ?» እያሉ ይጽፋሉ።

«ይከፈታል» አለች መርማሪዋ። «ሟቹ የሚከፍተውን እኔ እከፍተዋለሁ።»



«መደርደሪያው በራሱ አልወደቀም፤ ብሎኖቹ አስቀድመው ተፈትተዋል። የፈታቸውና የገፋው ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ አለ።»

ሚስትየው የባሏን ወንድም ላለማየት ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ልጁ አያት።

«ተራው ሰዓት በፎቶው ላይ ከትልቁ ጎን ነበር። አሁን ግን በደህና ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ‹ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው አነሣው› እንዳንል የጣሪያው ብናኝ አናቱን ሸፍኖታል፤ ከሥሩ ግን ጠረጴዛው ንጹሕ ነው። ስለዚህ መደርደሪያው ሲወድቅ ሰዓቱ ቀድሞ እዚያ ነበር። ገዳዩ ከመግፋቱ በፊት አንዲት ዕቃ አተረፈ፤ ፔንዱለሟንም እንዳይጎዳ አወለቀ።»

«ለምን?» አለች ሚስትየው።

«እኔም ራሴን የጠየቅኩት እሱን ነው። አንቺ ብትሆኚ የቱን ታተርፊ ነበር?»

«ትልቁን ነዋ።»

«አንተስ?»

«ትልቁን» አለ ልጁ። «ማንም ሰው ትልቁን ነው።»

«ትልቁን ወድቆ እንዲሰበር የሚተው፣ ማገዶውን የሚያተርፍ ሰው በሁለቱ ሆድ ውስጥ ያለውን የሚያውቅ ነው።» ጎንበስ ብላ ከተሰበረው ሰዓት ውስጥ ማሽኑን አወጣች፤ ቀላል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከፋብሪካ የወጣ ማስመሰያ ነበር። ከዚያ የተራውን ሰዓት ጀርባ ከፈተች። ውስጡ የጠቆረ ከባድ ናስ ነው። «ሟቹ ትልቁን ሰዓት ሲገዛ የውስጡን ፎቶ ገጹ ላይ ለጥፎ ነበር። ከማርሹ ጥርሶች አንዱ በቀይ መዳብ የተተካ ነው። ያ ጥርስ ይኸውና፤ ማገዶው ውስጥ።»

ልጁ ብድግ አለ። «ጋሼ! የሚገዙት ሁልጊዜ የማይሸጠውን ነበር! እኛ እኮ ውለታ መስሎን…»

«ውለታ አልነበረም» አለች መርማሪዋ ወደ ሽማግሌው ዞራ። «እውነተኛውን ማሽን ያወጣሉ፣ ተራ ሣጥን ውስጥ ይደብቃሉ፣ ሣጥኑን በኮተት ዋጋ ይገዛሉ። ገዢ የሸሸው፣ ገበያው የደረቀው በዚህ ነው። ዛሬ ሁሉም ሊከፈት ሲሆን ደግሞ ትናንት መጡ። ‹ማያያዣው ላልቷል፣ ላጥብቀው› ቢሉ ሟቹ ያምንዎታል። ‹ይችን ሰዓት ላያት› ብለው ቢያወርዱም ቀና ብሎ አያይም፤ የሁልጊዜ ሥራዎ ነው። ፎቶው ላይ ስላለች ይዘው ቢሄዱ ይታወቃል፤ ስለዚህ በኋላ ለማስታወሻ ሊጠይቋት እዚሁ ተዉአት።»

ጋሽ ሞረድ በእርጋታ ፈገግ አሉ። «ተረት ትችያለሽ ልጄ። ማሽኑን ልጁም መቀየር ይችላል። የማንን እጅ አየሽ?»

«እውነት ነው፣ እጅ አላየሁም» አለች። ሰዓቱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ እስከ ትከሻዋ ከፍ አደረገችው። «እርስዎም ማገዶ ነው ብለውኛል።»

ለቀቀችው።

ሽማግሌው በዚያ ዕድሜ ይሮጣሉ ብሎ የሚያስብ የለም። «ማሽኑን!» ብለው ጮኹ፤ ስብርባሪው ላይ በጉልበታቸው ወድቀው ሰዓቱን ከወለሉ በላይ በሁለት እጃቸው ቀለቡት። ደረታቸው ላይ አቅፈውት ሲያለከልኩ የጉልበታቸው ደም ሽርጡን ያርሰው ጀመር። ከተገለጠው ኪሳቸው ለስላሳ ጨርቅ ብቅ ብሏል፤ ፔንዱለሙ ከተጠቀለለበት ጋር አንድ ዓይነት ነበር።



«በሰው ሁሉ ፊት ልከፍተው ነው አለኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ሰዓቱን ሳይለቁ። «እንደ መልካም ዜና ነው የነገረኝ። ‹ጋሼ፣ አንተም ከጎኔ ሆነህ ታስረዳቸዋለህ› አለኝ።»

«እሱን አልያዙትም» አለች ሚስትየው በቀስታ። «ሰዓቷን ያዙ፤ እሱን ግን…»

ፖሊሱ ሽማግሌውን አስነሣቸው። ሰዓቱን ከእጃቸው ለማውጣት ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረበት።

ሚስትየው ወደ ባሏ ወንድም ዞረች። «ጠርጥሬህ ነበር።»

«አውቃለሁ እታለም። ቀና ብለሽ አላየሽኝም።» እጁ ላይ የቀረውን ፕላስተር ቀስ ብሎ ላጠው። «እኔም አንቺን ጠርጥሬ ነበር።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ልጁ ተቀበላትና ለገዢዎቹ የሆነውን በአጭሩ ጻፈላቸው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ።

ፍርዱ ካለቀ በኋላ «የአያት ሣጥን» እንደገና ተከፈተ። ልጁ በቀጥታ ሥርጭት የእያንዳንዱን ዕቃ ሆድ ከፈተ፤ ማስመሰያውን ማስመሰያ ነው አለ፣ ቀድሞ የገዙትንም እንዲመልሱ ጋበዘ። ብዙዎች መለሱ። ተራው ሰዓት የተለጠፈው በመጨረሻ ነው። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ የጻፈችው ሚስትየው ናት፦ «ማሽኑ እውነተኛ ነው። ሣጥኑ የሌላ ሰዓት ነው፤ ጥጉ ተሸርፏል። በቀን ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል።»

የገዛው ሰው ዕቃው ሲደርሰው ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ በቀን ስንት እንደሚቀርም ለካ። ከዚያ ገጹ ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ልክ ሁለት ደቂቃ ነው።»