የደምሴ ባና በእኔ ሌንስ

እኔ እንደሆንኩ ዛር ያዘው፣ ሙት ተነሳ ሲሉ ሰምቼ ከሳቅ በቀር ያተረፍኩት የለኝም፣ ያውም ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው፣ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ጋኔን ልነሳ ብሎ ደጄን አልመታም፣ ቢመጣም ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ አንስቼ ነበር የምሸኘው። ከመሐል ሜዳ እስከ ራቤል በኔ ካሜራ ያላለፈ ሙሽራ ካገኘህ አምጣልኝ፣ ማንም አላስተማረኝም፣ ካሜራውንም ኮምፒውተሩንም ራሴ ጎርጉሬ ነው ያወቅኩት፣ መልክም ቢሆን አላጣሁም፣ ጸጉሬን አይተህ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው ብትለኝ አልቆጣም፣ የዚህን ሚስጥር ኋላ እነግርሃለሁ። ይህን ሁሉ የምልህ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን የማወራ ሰው እንዳልሆንኩ እንድታውቅልኝ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከባለቤቴ ከየሺ ነው። የሺ እኔን ከማግባቷ በፊት ደምሴ የሚባል ሸማኔ ባል ነበራት፣ ሞተባት፣ ነፍሱን ይማር፣ እኔ ከሞተ ሰው ጋር ጠብ የለኝም፣ ሰውየው ግን ሄዶ አልሄደም፣ ለምን ብትል በበግ ጸጉር የሠራው ባና፣ ያ ወፍራሙ የመንዝ ብርድ ልብስ፣ እስከ ዛሬ አልጋችን ላይ አለ። የመንዝን ብርድ ታውቀዋለህ፣ አጥንት ነው የሚቆጥር፣ እኔ ለዚህ ብዬ ከደብረ ብርሃን የነብር ሥዕል ያለበት የቻይና ብርድ ልብስ በጫንቃዬ ተሸክሜ መጣሁላት፣ ነብሩ ከጨርቁ ዘሎ ሊናከስ የደረሰ ነው የሚመስለው፣ እሷ ምን ብታደርገው ጥሩ ነው፣ ለገብስ ጆንያ አለበሰችው።

"የሺ፣ ገብሱ በረደው እንዴ?" ብላት፣

"ነብሩ አይጥ ይጠብቅልኝ ብዬ ነው" አለችኝ። "ለሙቀቱ የደምሴ እጅ ይበቃናል።"

የደምሴ እጅ። እስቲ አንተው ፍረደኝ፣ በገዛ አልጋህ ላይ፣ ከገዛ ሚስትህ አፍ፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት "የደምሴ እጅ" ሲባል እየሰማህ ተኝተህ ታውቃለህ? ሌላው ሰው ተቀናቃኙ ከጎኑ ይሆናል፣ የኔው ከላዬ ነው የሚተኛው። ቀናሁ፣ አዎ፣ ምን እዋሻለሁ፣ በሕይወት ያለ ሰው ቢሆን ፎቶውን አጣምሜ አንስቼ ልክ አገባው ነበር፣ ሙትን ምን ታደርገዋለህ።

ታዲያ አንድ ጠዋት አልጋ ሳነጥፍ፣ አትሳቅ፣ አልጋ የማነጥፈው እኔ ነኝ፣ ባናውን ጠርዙ አካባቢ ብል በልቶት አገኘሁ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ፣ ወዲያ ወዲህ ደግሞ ገና ጀማሪ የሆኑ ሌሎች። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርህ። እንዲሁ ባሳያት "ይቺ ምን አላት" እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ ግን አጉልቼ አንስቼ፣ ግድግዳ የሚያክል አድርጌ አትሜ ፊቷ ባቆመው፣ ያ የደምሴ እጅ የተባለው አይጥ የፈነጨበት ጎተራ መስሎ ይታያታል፣ በራሷ እጅ አውጥታ ትጥለዋለች ብዬ አሰብኩ።

ለዚህ የሚሆን ሌንስ ደግሞ ነበረኝ፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ የላከልኝ፣ ትንሽ ነገር ለማጉላት ብቻ የተሠራ፣ የዝንብን ዓይን የእንቅብ ስፌት አስመስሎ የሚያሳይ። ሁሉ ነገሩ ግን በእጅ ነው፣ ፎከሱን ራሱ አይፈልግልህም፣ አንተ ነህ ካሜራውን እንዳለ ወደፊት ወደኋላ እያስጠጋህ የምታገኘው፣ ያውም ጥርት ብሎ የሚታይህ ከወረቀት ውፍረት ያነሰ ቦታ ስለሆነ፣ ያንኑ ነገር በጥቂት በጥቂቱ እየተጠጋህ ደጋግመህ ታነሳና ኮምፒውተሩ ከየፎቶው ጥርት ያለውን ለቅሞ አንድ ያደርግልሃል። ለማስጠጊያው ሰው ውድ ዕቃ ይገዛል፣ እኔ ካሜራውን የአናጢ ሞርሳ ላይ አሰርኩት፣ የሞርሳውን እጀታ ነካ ስታደርገው ካሜራው የጸጉር ያህል ይጠጋል፣ ይህን የትኛው ኮሌጅ ያስተምርሃል።

ችግሩ አይሱዙ ሲያልፍ ወይ ወፍጮው ሲነሳ ቤቱ ይንቀጠቀጥና ፎቶው ይበላሻል። ስለዚህ ከተማው ዝም የሚልበትን ቀን ጠበቅሁ፣ እሱም የሚካኤል ንግሥ ነው፣ ያን ቀን ወፍጮ አይፈጭም፣ ሸማኔም ጉድጓዱ አይገባም፣ ሰው ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ይወጣል። በዓል ሻርክ ብለህ እንዳትገስጸኝ፣ ቀዳዳ ማንሳት ሥራ አይባልም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

የሺ ነጠላዋን እያጣፋች "አትመጣም?" አለችኝ።

"ወገቤን ያዘኝ።"

"ወገብህ ነው ወይስ ክፋትህ?"

"ሁለቱም አንድ ቦታ ናቸው" አልኳት፣ ስቃ ወጣች።

ከፎቶ ቤቴ ጀርባ ባለችው ክፍል ባናውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ዳር ዳሩን ብረት ጫንኩበት፣ መብራት ከግራ ከቀኝ አቆምኩ፣ በሩን ዘጋሁ። ስክሪኑ ላይ ቀዳዳዋ ገደል ሆና ታየችኝ፣ ብሉ ማጉን በልቶ ድሩን ብቻ እንደ ገመድ ድልድይ አስቀርቶታል። "ደምሴ፣ ዛሬ አለቀልህ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለቀልድ።

እጀታውን ነካ አደረግሁ፣ አነሳሁ። ጧ።

ከደብሩ የሚመጣ ከበሮ ነው ብዬ ተውኩት። እንደገና ነካ አደረግሁ፣ አነሳሁ፣ ጧ። ከበሮ መቼም እኔን ጠብቆ አይመታም፣ እጄን ስሰበስብ ዝም ይላል፣ ስነካው ይመታል። ሞርሳው ነው ብዬ ዘይት ጠብ አደረግሁበት፣ ባሰ፣ ከመምታቱ በፊት አሁን ሽው የምትል ነገር በጆሮዬ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ አለፈች። ሸማኔ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጠህ ከሆነ ድምፁ አይጠፋህም፣ መወርወሪያው ሽው ይላል፣ ከዚያ ይመታል፣ ጧ። በሚካኤል ቀን በመንዝ ምድር ሸማ የሚመታ የለም፣ በኛ ሰፈር ደግሞ ደምሴ ከሞተ ወዲህ ሸማኔ የሚባል የለም።

ፈራህ ወይ ብትለኝ፣ እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ቅናት ነው። በኔ ቤት፣ በኔ ሌንስ ፊት ደግሞ ሙያውን ሊያሳየኝ ነው? እስቲ ማን ቀድሞ ይደክማል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ዓይኔን ከእጀታው ሳልነቅል ቀጠልኩ፣ እኔ ነካ፣ እሱ ሽው፣ ጧ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን እስከ መጨረሻው ዘለቅን።

ከዚያ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ አንድ በአንድ አሳለፍኩ። የመጀመሪያዎቹ ላይ ቀዳዳዋ እንዳለች ናት። ትንሽ ቆይቶ በግራ አፋፏ የአንድ ክር ጫፍ ብቅ አለ፣ ትንፋሼ ያመጣው ብናኝ ነው አልኩ። የሚቀጥለው ላይ ረዘመ። ከዚያ በአንዱ ድር ላይ ወጣ፣ በሚቀጥለው ሥር ገባ፣ እንደገና ወጣ፣ ዞሮ ተመለሰ። ቁልፉን ተጭኜ በፍጥነት ሳሳልፋቸው እንደ ፊልም ነው የሄደልህ፣ ማጉ ሲገባ ይታያል፣ የሚያስገባው እጅ ግን የለም፣ የመጨረሻው ፎቶ ላይ ደግሞ ቀዳዳው የለም። ዘወር ብዬ ባናውን በዓይኔ አየሁት፣ በጣቴ ዳሰስኩት፣ ተደፍኗል።

ክሩን አጉልቼ አየሁት። የበግ ጸጉር ስስ፣ ጥምዝምዝ ያለ ነው፣ ይሄኛው ወፍራም ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ጥቁር፣ አንድ ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ ነጭ አለው። እንግዲህ ያን ሚስጥር ልንገርህ፣ የሺም አታውቀውም፣ ጸጉሬን ቀለም እቀባለሁ። ከተቀባሁ ሰንበት ሲል ነጩ ከሥሩ ብቅ ይላል፣ የዚያን ዕለት ጠዋት በመስታወት ሳየው ልክ ያንኑ ያህል ብቅ ብሎ ነበር።

የረገፈ ጸጉሬ ነው፣ ምን አለበት ብዬ በጥፍሬ ይዤ ሳብ አደረግሁት። ከጆሮዬ ጀርባ ነደፈኝ። ለቀቅሁት። ቀስ ብዬ ደግሜ ሳብኩት፣ እዚያችው ቦታ ቆዳዬ ተከትሎ ተነሳ። ባናው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እኔ ወንበር ላይ ነኝ፣ የሚያያይዘን ክር ካለ ብዬ በመሐላችን እጄን እያወናጨፍኩ ፈለግሁ፣ እመነኝ፣ ምንም የለም።

የሺ ጸበል ጸዲቋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ስትመለስ እዚያው እንደተቀመጥኩ አገኘችኝ።

"የታመመው ወገብህ ነው ባናው?" አለች ጠረጴዛውን አይታ።

"ብል በልቶት አይቼ፣ ላሳይሽ ብዬ ነው።"

"የታለ?"

"አንቺ ደፍነሽው ነበር እንዴ?"

"እኔ? የደምሴን ሥራ ማን ይነካዋል" አለችና ቁጭ ብላ ለብቻዋ ሳቀች። "እንዲያው ሳስታውሰው፣ ማግ ሲያጥረው ምን ያደርግ ነበር መሰለህ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ከሚያወራው ሰው ጋቢ ላይ ክር ይመዝ ነበር፣ ሰውየው ሳያውቅ፣ ወሬውም ሳይቋረጥ። ቀልደኛ ነበር እኮ።"

"ከኔ ይበልጣል?"

"እሱ ሲቀልድ አይስቅም ነበር" አለችኝ።

ፎቶዎቹን አላጠፋኋቸውም፣ ዳግመኛም አልከፈትኳቸውም። የነብሩን ብርድ ልብስ ከጆንያው ላይ ገፍፌ ለብቻዬ ልተኛ ሞክሬ ነበር፣ ብርዱ ወደ ባናው መለሰኝ። እነዚያ ጀማሪ ቀዳዳዎች ዛሬ አንዳቸውም የሉም፣ ጸጉር ቆራጬ ደግሞ "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሳሳ እኮ" አለኝ፣ ይኸው ኮፍያ ማድረግ ጀመርኩ፣ ሰው በብርዱ ይመስለዋል። የሺ "ዘንድሮ ይሄ ባና ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የሞቀው" ትላለች፣ ትበል።

እኔን የሚበላኝ ሌላ ነው። ማታ ልንተኛ ስንል ባናውን በእጇ እያስተካከለች ያቺ የተደፈነች ቦታ ላይ ስትደርስ እጇ ቆም ይላል፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ዳበስ ዳበስ ታደርጋታለች። እኔ ከወዲያ ጥግ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን እፈታለሁ፣ መዳፏ ከጆሮዬ ጀርባ ይሰማኛል፣ ይሞቃል፣ እኔን እንደዚያ አድርጋ ዳብሳኝ አታውቅም። እንዳታቆም ብዬ ጫማዬን ቀስ ብዬ እፈታለሁ፣ ማንን እንደምትዳብስ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።