በግራ ሜዳው ግድግዳ ሥር

ዌንደል ስትራውድ በካልቨር ከተማ የቤዝቦል ሜዳ፣ በግራ በኩል ካለው የእንጨት ግድግዳ ሥር ሞቶ የተገኘው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል። ታኬታውን አድርጓል፤ ጓንቱ ውስጥ ኳስ አለ።

ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ነበር። ርቆ የተመታ ኳስ እየሮጠ ሲቀልብ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ቡድን ቀያይሯል፤ ሁሉም የታችኛው ሊግ ቡድኖች ናቸው።

መርማሪ ቨርና ዳንፎርዝ ተንበርክካ የሟቹን ካልሲ ዝቅ አደረገች። ቁርጭምጭሚቱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ላብም አቧራም አልነካውም።

«ኳስ ሲያባርር ከግድግዳው ጋር ተጋጭቶ ነው» አሉ አሰልጣኙ ኦርቪል ክሪገር።

«ብቻውን ከነበረ ኳሱን ማን መታለት?»

አሰልጣኙ ግድግዳውን ቀና ብለው አዩ።

«ጠላት ነበረው?»

«እሱ? እንኳን ሰው ዳኛ ተሳድቦ አያውቅም።» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ትናንት ማታ ከላይኛው ሊግ ደውለው ነገ ይምጣ አሉ። ስነግረው ቁጭ ብሎ ጫማውን ፈታ፤ ከዚያ መልሶ አሰረው።»

ቀጥሎ የቀረበው ሌሮን ጊቢ ነው፤ በዌንደል ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ የከረመ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት።

«ትጠላው ነበር?»

«"ሽማግሌው፣ መቼ ነው ጡረታ የምትወጣው?" እለዋለሁ። "አንተ ኳስ መምታት የተማርክ ዕለት" ይለኛል። በቃ፣ እንዲህ ነበርን።»

ወጌሻው ሆይት ፕሩዊት ግን አጭር መልስ ሰጠ። «ከትናንቱ ጨዋታ ወዲህ አላየሁትም።»

«ትከሻው እንዴት ነበር?»

«ብረት ነው» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።

እኩለ ቀን ላይ ቨርና ሦስቱንም መልበሻ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ዌንደል ግድግዳው ሥር አልሞተም» አለች። «ሣሩ በማለዳ ውሃ ጠጥቷል፤ የታኬታው ሹሎች ግን ደረቅ ናቸው። ስለዚህ ተሸክሞ የወሰደው ሰው አለ። አሰልጣኝ፣ ፋሻ ራሱ ያስር ነበር?»

«አያውቅበትም። ሁሌም የሚያስርለት ሆይት ነው።»

«የፋሻው ቁም ሣጥን ቁልፍስ?»

«እሱ ጋ ብቻ ነው።»

«የትናንቱ ፋሻ ተቀዶ ቅርጫት ውስጥ አለ። እግሩ ላይ ያለው የዛሬ ጠዋት ነው። ሆይት፣ ዛሬ አላየሁትም ብለኸኛል። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደግሞ ብረት ነው ያልከው ትከሻ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ቆጥሮ ሰልችቶታል።»

ወጌሻው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ስድስት ዓመት በድብቅ ማደንዘዣ እየወጋሁ አጫወትኩት። የመጨረሻ ልምምድ ላድርግ ብሎ በማለዳ መጣ። ፋሻውን እያሰርኩለት፣ "የላይኞቹ ሐኪም ሳይመረምረኝ እውነቱን ራሴ እነግረዋለሁ" አለኝ። "እኔስ?" ስለው፣ "አንተም ተናገር" አለ። ገፋሁት። ጭንቅላቱ የሕክምና አልጋውን ብረት መታ። ልገድለው አልነበረም።»

«ሐኪም መጥራት ትችል ነበር» አለች ቨርና። «አንተ ግን ኳስ ፈለግህለት።»

ፖሊሶች ሆይትን ይዘውት ሲወጡ ስልኩ ጠራ። ክሪገር አንስተው ብዙ አዳመጡ፤ ጥቂት ተናገሩ፤ ዘጉ።

«ሌሮን፣ ዕቃህን ያዝ። የአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጥህ።»

«የእሱን ቦታ ነው?»

«ሰው ጎድሎባቸዋል፤ ጨዋታው ነገ ነው።»

ሌሮን ይህን ጥሪ ዓመቱን ሙሉ ሲመኝ ኖሯል። አሁን ግን ከተቀመጠበት መነሳት አቅቶት አሰልጣኙ ክንዱን ይዘው አስነሡት።