ቀይ ሥሩ መቼ ይደርሳል?

ትርሲት ከአባቷ ጋር ጓሮ ውስጥ ቀይ ሥር ዘራች። አፈር አለበሰችው፤ ውሃም አጠጣችው። ጭል! ጭል! ጭል!

«አባባ፣ መቼ ነው የምንበላው?»

«ሲደርስ» አላት።

ሲደርስ! ትርሲት ሮጣ ሄዳ የግቢው በር ላይ ቁጭ አለች።

አህያ መጣ። ባጃጅ መጣ፤ «ጲጵ! ጲጵ!» ቀይ ሥር ግን አልመጣም።

«አባባ፣ ደረሰ?»

«ገና አልደረሰም።»

ቅጠሉ አደገ። ትርሲት አሁንም በሩ ላይ ናት።

«አባባ፣ ደረሰ?»

«ገና አልደረሰም።»

«መንገድ ጠፍቶት ይሆን እንዴ?»

አባቷ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «የኔ ልጅ፣ እዚሁ አፈር ውስጥ ነው ያለው! ሲወፍር ነው ደረሰ የሚባለው።»

ትርሲት አልሳቀችም። መወፈሩን በዓይኗ ማየት ፈለገች።

አባቷ ወደ ሥራ ሲሄድ ጓሮ ገባች። ቅጠሉን ይዛ ሳብ... ሳብ... ቡፍ! የአይጥ ጭራ የሚያህል ቀጭን ሥር ወጣ።

«ያኛው ደርሶ ይሆናል።» ሳብ... ሳብ... ቡፍ! እሱም የአይጥ ጭራ።

እንዲህ እያለች ሁሉንም ነቀለቻቸው! ከዚያ ቶሎ ቶሎ መልሳ ተከለችና እጇን ታጠበች። ማን አያት? ማንም አላያትም።

በማግስቱ ቅጠሉ ሁሉ ጠውልጎ መሬት ላይ ተኛ።

አባቷ ራሱን ያዘ። «ይሄ የጎረቤታችን የእማማ ደብሪቱ ዶሮ ሥራ ነው! እሷ ናት የጫረችው!»

እማማ ደብሪቱ ይህን ሲሰሙ በጣም አዘኑ። «ይቅር በለኝ ልጄ» አሉና ገብስማዋን ዶሮ እግሯን አሰሯት።

«ቋቅ! ቋቅ!» አለች ዶሮዋ። ምን አደረግሁ ማለቷ ነው።

ትርሲት አንገቷን ደፋች። ጆሮዋ ጋለ። አፈረች፤ በጣም አፈረች።

ምሳ ቀረበ። አልበላ አላት። ከአጥሩ ወዲያ «ቋቅ! ቋቅ!»

ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። አሁንም «ቋቅ! ቋቅ!»

ትርሲት ትልልቅ ሰዎች ሲታረቁ አይታለች። ያጠፋው ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል።

አንድ ትልቅ ድንጋይ ልታነሳ ሞከረች። እምቢ አላት። ትንሽ ድንጋይ አነሳችና አንገቷ ላይ አደረገች።

ሁለት እርምጃ ሄደች። ዱብ! ወደቀባት። አነሳችው። ዱብ! እንደገና አነሳችው።

«ወዴት ነው?» አለ አባቷ ግራ ገብቶት። ከኋላዋ ተከተላት።

ትርሲት እማማ ደብሪቱ ፊት ጎንበስ አለች። «እማማ፣ ቀይ ሥሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ዶሮዋ አይደለችም።» እንባዋ ወረደ።

አባቷ ሳያይ ነበር ዶሮዋን የወነጀላት። የእሱም ጆሮ ጋለ።

መጥቶ ከትርሲት ጎን ጎንበስ አለ። «ለእኔም ድንጋይ አምጪልኝ፤ ትልቁን» አላት።

«ተዉ በሉ፣ ቀና በሉ!» አሉ እማማ ደብሪቱ። ድንጋዩን ከትርሲት አንገት ላይ አንስተው ግንባሯን ሳሟት። «እኔስ ይቅር ብያለሁ። ዶሮዋን ግን ራስሽ ፍቻት።»

ትርሲት ገመዱን ፈታች። «ቋቅ!» ዶሮዋ እግሯን አራገፈች።

ማታ አባቷ የቀይ ሥሩን ቅጠል አጥቦ፣ እንደ ጎመን ከትፎ በሽንኩርት ሠራው። እማማ ደብሪቱም መጥተው አብረው በሉ።

ትርሲት አንድ ጥሬ ቅጠል አስቀርታ ነበር። ለዶሮዋ ወሰደችላት።

ዶሮዋ ቀና ብላ አየቻት። ትርሲትም ዓይኗን ሳትሰብር አየቻት።