የጎረቤት ልጅ

«ናይን ዋን ዋን ኮል ብናደርግ ልጁን አሬስት ያደርጉታል ወይ በያት» አሉ ጋሼ ጥላሁን ጉሮሯቸውን ጠርገው። «የጎረቤቴ ልጅ ነው ደግሞ፤ የእኔ እንዳይመስላት።»

ሄርሜላ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ከቅዳሴ በኋላ ሰላሳ ያህል ምእመናን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቀርተዋል። አንዲት የፖሊስ ኮንስታብልና አንዲት ነርስ፣ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዶ ራሱን የሳተን ሰው እንዴት ማትረፍ እንደሚቻል ሊያስተምሩ መጥተው ነው። ለትልልቆቹ እንድታስተረጉም የተመረጠችው የአሥራ አምስት ዓመቷ ሄርሜላ ናት።

ይህ አምስተኛው ጥያቄ ነው፤ አምስቱም ስለ ጎረቤት ልጅ ነው። እትዬ ዘሪቱ ሳይቀሩ ጎረቤት ጠቅሰዋል፤ እሳቸው የሚኖሩበት ቸስተርሚር ያሉት ጎረቤቶቻቸው ልጅ የሌላቸው ሁለት አሮጊቶች መሆናቸውን የማያውቅ የለም። የእኛ ሰው ገመናውን የሚሸፍንበት ጋቢ መቼም አያጣም። ሄርሜላ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ እናቷን አየቻት፤ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ መሬት መሬት ታያለች።

የሄርሜላ ታላቅ ወንድም ብሩህ፣ ለጠየቀ ሁሉ፣ ኤድመንተን ከተማ ሥራ አግኝቷል ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን እዚሁ ፓይንሪጅ ሰፈር፣ እቤቱ ነው። ባለፈው ሐሙስ ሄርሜላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተዘርሮ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘችው። ናይን ዋን ዋን ደውላ አምቡላንስ ልትጠራ ስልኳን አወጣች። ፖሊስ ይዞት ቢሄድስ ብላ ፈራችና መልሳ ከተተችው። ስትጮህበት፣ ስትነቀንቀው፣ እንደ ምንም ተነፈሰ። እናቷ ከሥራ ገብታ ስትሰማ አለቀሰች፤ ከዚያ «ይቺ ነገር ከዚህ ቤት እንዳትወጣ» አለች። ብሩህ የተረፈው በዕድል ነው፤ ዕድል ደግሞ ሁልጊዜ ቤት አይገኝም።

ኮንስታብሏ መልሷን ጨረሰች። ሄርሜላ አሁንም እናቷን ታያለች።

«ምን አለች?» አሉ ጋሼ ጥላሁን።

«ደውሉ ትላለች» አለች ሄርሜላ። «ለራሱ የሚወስደው ዕፅ ቢገኝበትም በዚያ አይከሰስም። የደወለውም ሰው እንደዛው። ሕጉ፣ ማለቴ፣ ሰው ፈርቶ ሳይደውል እንዳይቀር ነው የወጣው።»

ሐሙስ ዕለት ይህን ብታውቅ ኖሮ ስልኩን አትከተውም ነበር።

ነርሷ ዕፅ ያሳተውን ሰው የሚያነቃውን የናሎክሶን መድኃኒት የያዙ ትናንሽ ቦርሳዎች ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ በነጻ ነው ውሰዱ አለች። ማንም አልተነሳም። ለጎረቤት ልጅ መጠየቅ ይቻላል፤ ቦርሳውን ይዞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሄርሜላ ሄዳ አንዱን አነሳች። ኮንስታብሏ ፈገግ ብላ፣ ያንቺም ለጎረቤት ነው ወይ ስትል በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ሄርሜላ መለሰችላት። ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞረች፤ ሥራዋ ነውና የራሷንም ቃል መተርጎም ነበረባት።

«ለጎረቤት ነው ወይ ብላኝ ነው። አይደለም አልኳት። ለወንድሜ ነው።»

ሄርሜላ እናቷን ላለማየት ቦርሳውን ታገላብጥ ጀመር። ቆይቶ ከሦስተኛው ረድፍ ድምፅ መጣ፤ ነጠላው ከአፍ ላይ ወርዷል።

«እንዴት እንደሚሰጥ እንደገና ታሳየን በያት» አለች እናቷ። «ቅድም አልሰማኋትም።»

ሄርሜላ ተረጎመች።