በፍሎፒ የቀሩት የጀማል ጣቶች

እኔ ሐረር ተወልጄ፣ ጂን ያዘው፣ ጥላ ወጋው ሲሉኝ እየሳቅኩ ያደግኩ ደረቅ ሰው ነኝ፣ ኮምፒውተር ከገዛሁ ወዲህማ ጭራሽ ብሶብኝ ነበር፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ ይህን ሳወራህ ያበድኩ እንዳይመስልህ።

ኤረር በር አካባቢ ጎረቤቴ የነበሩት እማማ ዘይነባ፣ ጀማል የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ሰርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት፣ ከአንዱ ሰርግ ሲመለስ መኪና ተገልብጦ ሞተ። «ዘፈን እንደያዘ ሄደ፣ እሱ እንኳን አዛንም አይሰማ ነበር» የሚለው ወሬ እናቲቱን ከሐዘኑ በላይ ጎዳቸው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጀማል ሙዚቃውን ያስቀመጠበትን ፍሎፒ ዲስክ በሻርፓቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ።

«ድምፁን አሰማኝ ልጄ፣ ወላሂ ሌላ አልፈልግም» አሉኝ።

ከፈትኩት፣ ሚዲ የሚሉት የኪቦርድ ፋይል ነው። «እማማ፣ እዚህ ውስጥ ድምፅ የለም፣ የትኛውን ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደነካ ብቻ ነው የተጻፈው፣ ድምፁን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው» አልኳቸው።

«ጣቶቹ ናቸዋ!» አሉ። «በል ይንካልኝ።»

አጫወትኩላቸው። ዘፈኑ ሞቅ ብሎ ሲሄድ ሲሄድ፣ መሐል ላይ ቀጥ አለ፣ በዚያው ቅጽበት ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተነሳ። እመነኝ፣ መብራት አልጠፋም፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የኮምፒውተሩ ሰዓትም እየቆጠረ ነው፣ ድምፅ ግን የለም። አዛኑ እንዳበቃ ዘፈኑ ካቆመበት ቀጠለ።

እማማ ዘይነባ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ይሰማል» አሉ። ምን ይሰማል፣ ጸጥ ብሎ አልነበር እንዴ ልል ስል ነው የገባኝ፣ «ሰ»ን አላጠበቋትም። ልጄ ይሰማል ማለታቸው ነው። «አልሃምዱሊላህ» እያሉ አለቀሱ፣ ምን እደብቅሃለሁ፣ እኔም አለቀስኩ።

ከሄዱ በኋላ ግን ያ ደረቅነቴ አላስቀምጥ አለኝ። ፋይሉን ኖታው በሚታይበት ፕሮግራም ከፈትኩት፣ ከዳር እዳር ተያይዟል፣ ክፍተት የሚባል ነገር የለውም። ደግሜ አጫወትኩት፣ ሳይቆም አለቀ። ሰዓቱ ቢቆጥርም ማጫወቻው ደንዝዞ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ሆኜ ከፈትኩት፣ አሁንም መሐል ላይ ቀጥ አለ። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ፣ ከመስጊዱ ምንም የለም፣ ሰፈሩም ዝም ብሏል። እፎይ፣ ለካ ፋይሉ ተበላሽቶ ነው ብዬ ላጠፋው እጄን ስዘረጋ፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ሲጥ አለ፣ ሙአዚኑ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አዛኑም ተጀመረ።