መሃሉ ላይ የተጫረው ቁጥር

ቤተ ሙከራው ማሽን ላይ የምትፈተነው የብረት ዘንግ «ቀጭ!» ብላ ለሁለት ተሰበረች። ማሽኑ ቆመ፤ ቆጣሪው ሁለት መቶ ሺህ ላይ ቀረ። አምስት ሚሊዮን ጊዜ መታጠፍ ነበረባት።

«በቃ፣ ይሄ ቅይጥ አይሆንም» አሉ የቤተ ሙከራው አለቃ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ዛሬውኑ ሪፖርት ጽፌ እዘጋዋለሁ።» ወደ ቢሯቸው ገቡ።

የችኩሌ እናት ስባሪዎቹን ከማሽኑ ፈታ አወጣች። ሦስት ዓመት የለፋችበት ቲታኒየም ነው፤ ጠንካራ ሆኖ እንደ አጥንት ለመጥ የሚል፣ ለተጎዳ ዳሌ የሚተከል። የችኩሌ አያት ዳሌ ውስጥ በቀዶ ሕክምና የገባው ብረት ግትር ስለነበር ሸክሙን ሁሉ ለብቻው ይዞ አጥንቱን አሳሳው። አያት ዛሬም በምርኩዝ ናቸው።

«ችኩሌ» የልጅቷ የቤት ስም ነው፤ ያለ ምክንያትም አልወጣላትም። ትምህርት ሲዘጋ እናቷ ዘንጎቹን እንድታጥብ ወደ ቤተ ሙከራው ታመጣታለች። ሰኞ ዕለት ግን የቁጥር መጫሪያውን ሰጠቻት።

«ቁጥሩን ጫፉ ላይ፣ ማሽኑ የሚነክሰው ጋ ጫሪ። መሃሉን እንዳትነኪ፤ ጭረት አይወድም።»

ችኩሌ አንድ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር። የሰባተኛዋን ዘንግ ቁጥር ቀጭኑ መሃል ላይ ጫረችው። ስህተቷን ስታይ ክው አለች፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪጠፋ ፈገፈገችውና ከሌሎቹ ጋር ደረደረችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

አሁን ዘንጓ የተሰበረችው ልክ እዚያው ላይ ነው።

ብትናገር እናቷ ጉድ ይፈላባታል፤ ልጅ ናሙና እንዲነካ አይፈቀድም። ዝም ብትል ደግሞ ያ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው።

«እማዬ... ሰባትን መሃሉ ላይ ነበር የጫርኩት። ከዛ ፋቅኩት።»

እናቷ ስብራቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው።

«አንቺ ልጅ! ሰኞውኑ ብትነግሪኝ እኮ በእሷ ፋንታ ስምንተኛዋን ዘንግ እናስገባ ነበር።»

«ፈራሁ።»

እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች። ተናዳለች፤ ግን እጇን ልጇ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። «መጫሪያውን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ፣ አንቺ ተቀመጪ።»

«እሺ» ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። እንዲያ ቢሆን እንዴት በቀለላት!

«አይ እማዬ፣ የፋቅኩት እኔ ነኝ» አለች።

ሁለቱን ስባሪዎች መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ አለቃው ቢሮ ሄደች፤ እናቷ ከኋላዋ ተከተለቻት። ለወትሮው ኮሪደሩን በሩጫ ነበር የምትጨርሰው። ዛሬ ቀስ ብላ ሄዳ በሩን አንኳኳች።